ሰልፉ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ዕለት

ብርሀንነሽ መካነ ሰላም የገባችው በ1965 ዓ.ም. መስከረም፣ ጨው በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ነው። የኩታበር ልጅ ስለሆነች ለብርድ እንግዳ አልነበረችም። ቢሆንም አቀስታ አድረው ማለዳ ሲነሡ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ያየው ሾፌር የራሱን የበግ ጠጉር ባና ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ፣ «አብሽሪ እቱ፣ መካነ ሰላም ስንደርስ ፀሐይ ትቀበልሻለች» አላት። የተቀበላት ግን በረዶ ነው።

የመጀመሪያውን ትምህርቷን ስታስተምር በረዶው የክፍሉን ቆርቆሮ እየቀጠቀጠው አንድም ቃል ሳይሰማ ደወል ተደወለ። ልጆቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ አፏን አፏን እያዩ፣ በከንፈሯ እንቅስቃሴ ትምህርቱን የሚቀዱ ይመስል ተቀምጠው ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ስንት ትምህርት ቤት ታንጿል፣ ስንት ሺህ ልጅ በእጇ አልፏል። ስለዚያ ዘመን ሲነሣ ግን መጀመሪያ ዓይኗ ላይ ድቅን የሚሉት እነዚያ ዝም ብለው የሚያዩዋት ፊቶች ናቸው። አብዛኞቹ ከየገጠሩ መጥተው በደባልነት የሚኖሩ ነበሩ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ አገር ቤት ይወርዱና እሑድ አመሻሽ ላይ ድርቆሽና የገብስ ቆሎ በስልቻ ተሸክመው፣ በየመንገዱ እየተጠራሩ ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ቆሎ ቆሎ ይሸታል። እሷም ለመቅጣት ስትል «ማነው የሚያኝከው?» ብላ ትዞራለች፤ ልጆቹም ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሉ ለእሷም ይዘግኑላታል።

ከተማዋም ወደደቻት። ቤት ያከራየቻት ወይዘሮ ሸጋዬ እንደ ልጇ ነው ያየቻት። በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነው አባተ ደግሞ ገና ዓመት ሳይሞላት ሽማግሌ ልኮ አጫት። መልከ መልካም፣ ረጋ ያለ፣ እሑድ እሑድ ጫማውን አስወልውሎ የሚመጣ ሰው ነበር።

ለእሱም ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ ሳለች ታማ ነበር። በመጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋ። ቀጥሎ የመኝታ ጓደኞቿ ስለ እሷ የሚንሾካሾኩ እየመሰላት ከሰው ሸሸች፤ ምግብም ተወች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ዝናብ እየወረደባት ከግቢው መሐል ቆማ ከማይታይ ሰው ጋር ስትከራከር ተገኘች። አባቷ አዲስ አበባ ወስዶ ሆስፒታል አስተኛት። ወራት ፈጀ። መድኃኒት ዋጠች፣ ቀስ ብሎ የሚናገር አንድ ሐኪም በየቀኑ አናገራት፣ ዳነች፣ ተመልሳም ትምህርቷን ጨረሰች። እናቷ ግን ለኩታበር ሰው ሁሉ፣ «ሳንባዋን ታማ ነው» ብላ አወራች። ሳንባ ይሻላል። ሳንባ የታመመን ሰው ልጅ አይከተለውም።

መካነ ሰላም በገባችበት ዓመት በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ሳይጠግብ አለፈ። ከምሥራቁ ቆላ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ በቤተሰብ፣ ኋላ በመንደር ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና የመስጊዱ ደጃፍ ላይ ይሰፍራሉ። የከተማው ሰው ያለውን ያካፍል ነበር፤ ያለው ግን እሱም እያነሰ ሄደ። የክፍሉ የቆሎ ሽታም ጠፋ።

አልታዬ የመጣችው ያኔ ነው። የለጋምቦ ገበሬ ልጅ ናት፤ አቀስታ አምስተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። እናት አባቷ ሲያልፉ ታናሽ ወንድሟን አራጌን አዝላ፣ መካነ ሰላም የሚኖረውን አጎቷን አሻግሬን ብላ በእግሯ ተነሣች። አያ አሻግሬ ደጅ ስትደርስ ሚስቱ ሕፃኑን ልታወርድላት ብትቀበላት ለካ አራጌ መንገድ ላይ ሞቷል። አልታዬ አላወቀችም፤ የተኛ መስሏት እያባበለች ነው የመጣችው።

አሻግሬ ሸማኔ ነው፤ ቤቱ ከወይዘሮ ሸጋዬ አጥር ጋር ይዋሰናል። «ከልጆች ጋር ስትውል ትረሳዋለች» ብሎ ስድስተኛ ክፍል አስገባት። ላይ ላዩን ሲያዩዋት ደህና ናት። ታዳምጣለች፣ ትጽፋለች። ነገር ግን ከዴስኳ ላይ ሁልጊዜ ወደ ጠርዙ ተጠግታ ነው የምትቀመጠው፤ ከጎኗ የአንድ ሕፃን ያህል ቦታ ትተዋለች። ከተሰጣት ቂጣ ግማሹን ቆርሳ እዚያ ቦታ ላይ ታስቀምጣለች። አንዳንዴም ጎንበስ ብላ ታወራለች። ልጆቹ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ፈሩ።

በ1966 ጥር ላይ ነው፣ በላይ የሚባል ልጅ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቁጭ ያለው። በላይ የክፍሉ አለቃ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ዕድሜው ወደ አሥራ ስድስት የሚጠጋ ወጠምሻ ነበር። በክፋት አልነበረም፤ በላይ ዝም ያለ ነገር አይወድም፣ ይኸው ነው። አልታዬ ጮኸች። «ተነሥበት! ልታፍነው ነው! ተነሥበት!» እያለች ፊቱን ቧጨረችው፣ መሬት ላይ ወድቃ ተንፈራፈረች። «አበደች!» አለ አንዱ። ክፍሉ በበር በመስኮት ተግተልትሎ ወጣ። ዘበኛው በገመድ አስሮ ለአጎቷ ሰጣት።

ብርሀንነሽ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ታስተምር ነበር። ወሬውን ሰምታ በማግስቱ ስትመጣ፣ አልታዬ የተቀመጠችበት ዴስክ ከክፍል ተወርውሮ ባሕር ዛፉ ሥር ጤዛ ለብሶ አገኘችው።

«ማነው ያወጣው?»

«ሁላችንም ነን እትዬ» አለች ሩቂያ። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እውነት መናገር የማያስፈራት። «ይጋባል አሉ። የተቀመጠበት ሰው ይለከፋል አሉ።»

ብርሀንነሽ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ወጥታ ዴስኩን በአንድ ወገን ይዛ ልትጎትት ሞከረች፤ ከበዳት። ከመስኮቱ ሆነው ያዩዋታል፤ የሚያግዛት ግን የለም። እየጎተተች አስገባችው። በነጠላዋ ጠርጋው ራሷ ተቀመጠችበት።

«ዛሬ የምንማረው ከመጽሐፉ ውስጥ የለም» አለች። «ወባ የያዘውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?»

ሁሉም ተሽቀዳደሙ። ኪኒን ይሰጠዋል፣ ይለብሳል፣ አጥሚት ይጠጣል፣ ክሊኒክ ይሄዳል።

«አእምሮውን የታመመውንስ?»

ከኋላ አንዱ «ይታሰራል» አለ። ሌላው «ጠበል ይወስዱታል» አለ። ሩቂያ፣ «ጂን ነው ይላሉ፤ ዱዓ ያደርጉለታል» አለች። አንዱም አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ «በድንጋይ ይባረራል» ሲል ጥቂቶች ሳቁ።

«ጠበሉንም ዱዓውንም አልነካባችሁም» አለች ብርሀንነሽ። «ወባ የያዘውም ሰው ይጸለይለታል፤ ኪኒኑ ግን አይቀርበትም። አእምሮ እንደ ዓይን፣ እንደ ሆድ የሰውነት ክፍል ነው። ይደክማል፣ ይታመማል። ሐዘን ሲበዛበት፣ ረኀብ ሲጠናበት፣ አንዳንዴም እንዲያው በማይታወቅ ምክንያት ይታመማል። አይጋባም። ጩኸት ያስደነግጠዋል፤ ገመድ ያብስበታል። ቀስ ብለው ሲያናግሩት ይረጋል። አልታዬ የሞተ ወንድሟን አዝላ ነው የገባችው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሆኑ ነበር?»

በላይ ፊቱ ላይ የቧጨረችው ቁስል ገና አልደረቀም። እጁን አነሣ። የተናገረው በድፍረት ቢሆንም በውስጡ የእውነት ጥያቄ ነበረበት።

«እትዬ፣ አብዶ የዳነ ሰው በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?»

ብርሀንነሽ ከመልሱ ለማምለጥ የምትችልባቸው ስንት መንገዶች ነበሩ። «አዎ፣ አንድ ሰው አውቃለሁ» ብትል ይበቃት ነበር። አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ግን ዓይኗ ከፊት ለፊቷ ያሉትን ልጆች ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ከእነዚህ መሐል ነገ እንቅልፍ የሚያጣ፣ ለማንም ሳይናገር ዝናብ ላይ የሚቆም ይኖራል። ለዚያ ልጅ ስትል ተናገረች።

«በየቀኑ ታዩታላችሁ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ከዚያም እየተንተባተበች፣ አንዳንዱን እያስቀረች ነገረቻቸው። የዚያን ቀን በረዶ አልነበረም፤ ሆኖም እንደ መጀመሪያው ቀን ሁሉም አፏን አፏን እያዩ ቀሩ።

ሳይመሽ ከተማው ሁሉ ሰማ። ወይዘሮ ሸጋዬ እራት አቅርባ፣ «ልጄ፣ አፍ ለምን ተፈጠረ? ለመብያ አይደል?» አለቻትና አብራት ቀምሳ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ጫማውን ሳያስወለውል አባተ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሽከረከረ፣

«ለምን ተናገርሽው?» አለ።

«ላንተ አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።»

«እኔማ ብሰማውም ምንም አልነበረም። አባቴ ናቸው። ዘሯን ጠይቅ ብለውኛል።»

«ዘሬን ኩታበር ሄደህ ጠይቅ። እኔን ግን እዚሁ ጠይቀኝ፤ የፈለግኸውን እመልስልሃለሁ።»

አልጠየቃትም። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ሽማግሌዎቹም ነገሩ እንደቀረ ለወይዘሮ ሸጋዬ ነግረው ተመለሱ።

ወላጆች ደግሞ ወደ ርእሰ መምህሩ ወደ አቶ ንጉሡ ጎረፉ። «እብድ ልጆቻችንን ታስተምር?» አሉ። ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጭንቀታም ነበሩ እንጂ። ብርሀንነሽን ጠርተው በመስኮት እያዩ፣ «ደሴ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጽፌአለሁ። መልሱ እስኪመጣ ቤትሽ ቆዪ» አሏት።

እቤቷ ተቀመጠች። ያ ጊዜ በሕይወቷ ረጅሙ ነበር። በአጥሩ ማዶ የአያ አሻግሬ የሸማ ዕቃ ሲመታ ይሰማታል፤ እሱ ሲያርፍ የአልታዬ ልቅሶ ይሰማል። አንድ ቀን አጥሩን አልፋ ገባች። አልታዬን ከጓዳ ምሰሶ ጋር ታስራ አየቻት።

«አያ አሻግሬ፣ ይፍቷት።»

«ጉድጓድ ብትገባብኝስ? እሳት ብትገባብኝስ? የእኅቴ ልጅ ናት እኮ፤ ጠልቻት መሰለሽ?» አለ አሻግሬ። «ሁለቱን ሰጥታኝ አንዱን ብቻ ነው የተቀበልኩ።»

«እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሥራ ፈት ነኝ፤ አስወጥተውኛል።»

አሻግሬ ትክ ብሎ አያት። «አንቺም እንዲህ ሆነሽ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንዲህ ታስረሽ?»

«አባቴ አላሰረኝም። አዝሎ ነው ሆስፒታል የወሰደኝ።»

ገመዱን ፈታው። የክሊኒኩ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ድሬሰር ሞላም ደሴ ካለ ሐኪም ተማክሮ መድኃኒት አስመጣላት። «ጠበሏም አይቅርባት» አለ አሻግሬ። ብርሀንነሽም፣ «አይቅር፣ ብቻ ኪኒኗን ውጣ ትሂድ» ስትል ተስማሙ።

ያኔ አገሩ መናወጥ ጀምሮ ነበር። የካቲት ላይ መምህራን አድማ መቱ፤ የአዲስ አበባው ወሬ በሬዲዮ ይጎርፋል። መጋቢት ላይ የመካነ ሰላም ተማሪዎችም ወጡ። ብርሀንነሽ ከወይዘሮ ሸጋዬ ደጅ ቆማ ሲመጡ ታያቸው ነበር። ከፊት በላይ ነው፤ ያ ጎርናና ድምፁ አሁን ቦታውን አግኝቷል። «መሬት ላራሹ!» ሲል ሰልፉ ሁሉ ይቀበለዋል፤ አቧራው ይጨሳል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል። ልቧ ወዲያው ወደ አጥሩ ማዶ ሄደ። አልታዬ ገና መረጋጋት መጀመሯ ነው፤ ይህ ጩኸት ደጇ ሲደርስ ምን ልትሆን ነው? ሮጣ ልትገባ ስትል በላይ ከአሻግሬ አጥር ጥግ ላይ ሲደርስ ድንገት ቆመ። ወደ ኋላ ዞሮ ሁለት እጁን ዘረጋና ወደ መሬት ዝቅ፣ ዝቅ አደረጋቸው።

ሰልፉ ዝም አለ። ምክንያቱን የማያውቁት የኋላዎቹ እንኳ የፊቶቹን አይተው ዝም አሉ። ከተማውን ያናወጠ ያ ሁሉ ልጅ፣ በአያ አሻግሬ ቤት ፊት እንደ ቀብር ሕዝብ እግሩን እያነሣ በቀስታ አለፈ። የሚሰማው የጫማና የባዶ እግር ኮቴ ብቻ ነበር። ከኋላ አንድ ልጅ ሊስቅ ሲል ሩቂያ በክርኗ ጎሸመችው። አጥሩን ካለፉ በኋላ በላይ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፦ «መሬት ላራሹ!» ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን አከለበት፦ «እትዬ ብርሀንነሽ ትመለስልን!»

ወይዘሮ ሸጋዬ እልል አለች። ብርሀንነሽ በሩን ይዛ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰልፍ አይታለች፤ በግድ የተሰለፈችበትም፣ በፍርሃት ያጨበጨበችበትም ነበር። አብዮት ሲባል ግን በልቧ የሚቀረው ያ ጸጥታ ነው።

ከደሴ የሚጠበቀው መልስ አልመጣም፤ በዚያ ግርግር ማን መልስ ይጽፋል? አቶ ንጉሡም ሰልፉን ካዩ በኋላ፣ «እንግዲህ ግቢና አስተምሪ፤ የሚጠይቀኝ ቢመጣ ሰልፉን አሳየዋለሁ» አሉ። ጥቂት ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀሩ፤ አብዛኞቹ ተመለሱ። ከትምህርት በኋላ ሩቂያና ሌሎች ሴቶች ልጆች እየተፈራረቁ አልታዬ ዘንድ ይሄዱ ጀመር። በመጀመሪያ ከደጅ ሆነው፣ ከዚያ ደፍ ላይ፣ ኋላም መደቡ ላይ ተቀምጠው የዕለቱን ትምህርት ያነቡላታል። በላይ ግን አይገባም፤ ውጭ ቆሞ እንጨት ይፈልጥላቸዋል።

በአዲሱ ዓመት አልታዬ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሩቂያ፣ «ከጎንሽ ልቀመጥ?» ብላ ጠየቀቻት። አልታዬ ባዶውን ቦታ በእጇ ዳበሰች። «ተቀመጪ። አራጌ አሁን የለም፤ አውቄአለሁ» አለች። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም።

ብርሀንነሽ ያን ትምህርት በየዓመቱ ደገመችው። መንግሥት ተቀየረ፣ መጽሐፍ ተቀየረ፣ በየግድግዳው የተሰቀለው ፎቶ ተቀየረ፤ እሷ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ትሰርቅና «አእምሮውን የታመመውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብላ ትጀምራለች። «ይታሰራል» የሚል ድምፅ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄደ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

በላይ በ1970 ታስሮ ደሴ ተወሰደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲፈታ ያ ድምፅ የለም። የገበያ ዕለት ሰው ሲጠራው እንደ ሚዳቋ ይበረግጋል። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ፣ እንቅልፍ የለኝም። ያኔ ያስተማሩን እኔን ይዞኛል መሰለኝ።»

«የት እንደሚኬድ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። አልታዬን ጠይቄያታለሁ። ኪኒኑ መጀመሪያ ያስተኛል፣ አትፍራ ብላኛለች» አለና ከተፈታ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። አልታዬ በዚያን ጊዜ የልብስ ስፌት መኪና ይዛ የራሷን ኑሮ ትኖር ነበር። አልፎ አልፎ ሕመሙ ይመለስባታል፤ ሲመለስባት ግን የሚፈልጓት፣ ወደ ክሊኒክ የሚያደርሷት እነዚያው የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። በላይም አገገመ፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ ለማግባትና ለማረስ ግን በቃ።

ብርሀንነሽ ዘግይታ አገባች፤ ድሬሰር ሞላን። ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ መጥቶ፣ «እኔ ሕይወቴን ሙሉ የታመመ ሰው ሳገላብጥ ነው የኖርኩት፤ አንዴ እንኳ የዳነ ሰው ላግባ» ሲላት ስቃ እሺ አለችው። ሁለት ልጆችም ወለዱ።

በ1977 ረኀቡ እንደገና ሲመጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንደገና በሰው ሲሞላ፣ ብርሀንነሽ ቀን ስታስተምር ውላ አመሻሽ ላይ እህል ስታካፍል ከረመች። ከዚያ እንቅልፏ ሄደ። ምልክቱን ስለምታውቅ አልደበቀችም፤ ለሞላ ነገረችው፣ ለርእሰ መምህሩም ነገረች። ሞላ ደሴ ይዟት ሄደ። ስትመለስ አልታዬ ስፌቷን ትታ አጠገቧ ሰነበተች። አጥሚት ታቀርባለች፣ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ማውራት ሳትፈልግ ዝም ትላታለች። አንድ ቀን ብርሀንነሽ፣ «ሥራሽን አስፈታሁሽ» ስትላት፣ አልታዬ ሹሩባውን ሳታቋርጥ፣ «ዝም ይበሉ እትዬ፣ አንገትዎን ቀና» አለቻት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ያውቋታል፤ እነዚህ ግን የዘንድሮ ልጆች ናቸው፣ የእነዚያ ታናናሾች። ምን ይሉኝ ይሆን እያለች ገባች። ልጆቹ ብድግ አሉ። ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ፣ ጉንፋን ታሞ የከረመን ሰው እንደሚጠይቁት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ ሳትሽኮረመምም፣

«እትዬ፣ ሕመሙ ተሻለዎት?» አለቻት።

«ተሻለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ብርሀንነሽ፤ ጠመኔዋንም አነሣች።